ካሜራው ብር አይወስድም፦ ለአክስቴ ስካን ማድረግን ያስተማርኩበት መንገድ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ከሚዛኔ አጠገብ ኪውአር ኮድ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ካሬ የታተመበት ወረቀት ለጥፌያለሁ። ደንበኛ ስልኩን ያሳየዋል፣ ይከፍላል፣ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ለለመደው ሰው ይኸው ነው። ላልለመደው ግን ያስፈራል።

አክስቴ ከኩታበር ቅቤ ይዘው ይመጣሉ። ልጃቸው ደህና ስልክ ገዝቶ፣ ቴሌብር ከፍቶላቸዋል። እሳቸው ግን ከመደወል በቀር አይነኩትም ነበር። አንድ ቀን «እስቲ እርስዎም ይሞክሩት» ብላቸው ስልኩን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«አይሆንም ልጄ! ካሜራው አይቶ ብሬን ቢወስድብኝስ?»

ይህን ፍርሃት ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ሰው የምታስተምሩ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ስካን ማድረግ ማለት ማንበብ ማለት ነው። ኪውአር ኮድ በካሬ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ስልኩ ያነበዋል፣ ያነበበውንም ያሳያችኋል። ቴሌብር ላይ ብሩ የሚወጣው ሚስጥር ቁጥራችሁን ስታስገቡ ነው። እስከዚያ ድረስ ወደኋላ መመለስ ይቻላል። ለአክስቴ «አብሽሩ፣ ማየትና መክፈል ለየቅል ነው» አልኳቸው። ስልኩ ከነጠላው ወጣ።

ኮዱ የመጣው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ማሳሂሮ ሃራ የተባለ መሐንዲስ ዴንሶ በሚባል የመኪና ዕቃ አምራች ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የሠራው ለዕቃ መቆጣጠሪያ ነበር። ሐሳቡን ያገኘው በጥቁርና በነጭ ጠጠር ከሚጫወቱት ጎ ከሚባል ጨዋታ ነው ይባላል። በሦስት ማዕዘኖቹ ላይ ትልልቅ ካሬዎች አሉ። ስልኩ ኮዱ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ቢዘቀዘቅም ይነበባል። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን በእጅ ከሸፈናችሁት ግን ላይነበብ ይችላል። አክስቴ መጀመሪያ ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ሲይዙት አልሠራ ያለው ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ኮዱ የምን እንደሆነ እወቁ። የክፍያ ከሆነ የስልኩን ካሜራ አትክፈቱ። ቴሌብርን ወይም የባንካችሁን አፕ ከፍታችሁ እዚያው ውስጥ «ስካን» የሚለውን ንኩ። የክፍያ ኮድ በተራ ካሜራ ሲነበብ ትርጉም የሌለው ቁጥርና ፊደል ሊደረድር ይችላል፤ ሰውም «ስልኬ ተበላሸ» ይላል። ስልኩ ደህና ነው። ኮዱ የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ከሆነ ግን ተራው ካሜራ ይበቃል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ካሜራው ራሱ ያነባል። አብዛኛው አዲስ አንድሮይድም እንዲሁ። የእናንተ ካላነበበ ጉግል ሌንስ የሚባለውን አፕ ሞክሩ።

ቀጥሎ የካሜራውን መስታወት ጥረጉ። ይህን ሳልደጋግም አላልፍም፤ እኔ ሱቅ ስካን እምቢ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። የበርበሬ ብናኝ አለ፣ የቅቤ እጅ አለ፣ በክረምት ደግሞ የደሴ ጉም መስታወቱን ያላበዋል። በደረቅ ነጠላ ጫፍ ጠረግ አድርጉት።

ከዚያ ስልኩን ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ። ብዙ ሰው በጣም ያስጠጋዋል፤ ሲጠጋ ይደበዝዛል። ኮዱ ሙሉ በሙሉ ስክሪኑ ላይ እንዲታይ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ሳቡት። ኮዱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሁለት ስንዝርም ራቁ። ፎቶ ማንሻውን መጫን አያስፈልግም። አክስቴ ሁልጊዜ ይጫኑ ነበር። «ዝም ብለው ያሳዩት፣ ራሱ ያየዋል» እያልኩ እጃቸውን እይዝ ነበር።

የኔ ወረቀት በላስቲክ የተለበጠ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፣ አይነበብም። መፍትሔው ስልኩን ትንሽ ማዘንበል ወይም በእጅ ጥላ መሥራት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በስካኑ ስክሪን ላይ ያለውን የእጅ ባትሪ መብራት ምልክት ንኩ። ኮዱ ሰው ስልክ ላይ ከሆነ የዚያን ሰው ስክሪን ብርሃን ከፍ አስደርጉ። ትንሽ የተጫረ ወይም የቆሸሸ ኮድ አያስጨንቃችሁ። ሲሠራ ከጽሑፉ ጋር መጠገኛም አብሮ ይጻፍበታል፤ ጠንካራው ዓይነት እስከ 30 በመቶው ቢበላሽ እንኳ ይነበባል።

ካነበበ በኋላ የሚመጣው ነው ዋናው። እጃችሁን አንሱና ስክሪኑ ላይ የመጣውን የተከፋዩን ስም አንብቡ።

አምና የኔና የጎረቤቴ ወረቀት አንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፎ ነበር። አንዲት ደንበኛ የበርበሬዬን 850 ብር ለጎረቤቴ ከፈለች። እሷም አላየችም፣ እኔም ሥራ በዝቶብኝ አላየሁም። ጎረቤቴ ጨዋ ስለሆነ በዚያው ቀን መለሰልኝ። ሰውየው ሌላ ቢሆንስ? አንዳንድ ቦታ ደግሞ ክፉ ሰው የራሱን ኮድ በባለሱቁ ኮድ ላይ ይለጥፋል። ወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት የተደረበ ከመሰላችሁ በጣታችሁ ዳስሱት፣ ባለሱቁንም ጠይቁ። እኔ አሁን በየጠዋቱ ሱቅ ስከፍት የራሴን ኮድ በራሴ ስልክ አነበዋለሁ።

አክስቴ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አማርኛ ቀስ ብለው ያነባሉ። አፑን ወደ አማርኛ ቀየርኩላቸው። የባለሱቅ ስም ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ተቸገርን። በኋላ ስሜን ስክሪኑ ላይ እንደሚመጣው አድርጌ ከኮዱ በላይ በትልቁ ጻፍኩት። አክስቴ ወጣትነታቸውን ጥልፍ ሲጠልፉ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ፊደሉን ባያውቁትም ቅርጹን አንድ በአንድ ያመሳስሉታል። «ይቺ ከዚች ጋር አንድ ናት፣ ይቺም አንድ ናት» እያሉ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ባለሱቅ የሆናችሁ ሁሉ ስማችሁን እንዲህ ብትጽፉ እናቶቻችንን ታግዛላችሁ።

ስሙ ልክ ከሆነ የብሩን መጠን አስገቡ፣ ዜሮዎቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ ሚስጥር ቁጥር። ሚስጥር ቁጥሩን ራሳችሁ አስገቡ። ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ። ኢንተርኔት ከሌለ ኮዱ ቢነበብም ክፍያው አይሄድም፤ ያኔ በ*127# መሞከር ይቻላል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ብር ለመቀበል ሚስጥር ቁጥር አይጠየቅም። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ይህን ስካን አድርገው ሚስጥር ቁጥር ያስገቡ» የሚል ካለ ሌባ ነው። ሁለተኛው፣ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ውስጥ ሆናችሁ ሰው የላከላችሁን ኮድ ስካን አታድርጉ። ያ ኮድ አካውንታችሁን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሊከፍት ይችላል።

ለመለማመድ በትንሽ ብር ጀምሩ። እኔና አክስቴ ቡና እየጠጣን 5 ብር ስንመላለስበት ዋልን። አቦል ላይ ላኩልኝ፣ ቶና ላይ መለስኩላቸው፣ በረካ ላይ ያለ እኔ እርዳታ ላኩ። ከዚያ የራሳቸውን ኮድ ከአፑ አውጥተን አሳተምን። አሁን ከቅቤው ቅል አጠገብ ያስቀምጡታል። ገዢ «ከፍያለሁ» ብሎ የስልኩን ስክሪን ሲያሳያቸው ዓይናቸው ወደ ራሳቸው ስልክ ነው። «ቆይ ልጄ፣ የኔው መልእክት ይምጣ» ይላሉ። መልእክቱ ሲመጣ ቅቤውን ይሰጣሉ።