ግራፉ ስለወጣ ማይክሮቱቡል ተሠራ ማለት አይደለም

ቱቡሊን የተባለው ፕሮቲን በ37 ዲግሪ ተገጣጥሞ ማይክሮቱቡል የሚባለውን የሕዋስ ቀጭን ቱቦ ይሠራል፣ በበረዶ ላይ ይፈርሳል። ይህን ፈተና ላይ የሚስት ተማሪ አላየሁም። ቤተ ሙከራ ሲገቡ ግን ብዙዎቹ ይረሱታል።

መጀመሪያ ቱቡሊኑ የሚወጣበትን አንጎል አታሳድሩ። ከቄራ የወጣ የከብት አንጎል ወዲያው በረዶ ውስጥ ይገባል፣ ሽፋኑና የረጋው ደም ይገፈፋል፣ በዚያው ጠዋት ይፈጫል። ከብቱ ከታረደ በኋላ ቱቡሊኑ በየሰዓቱ እየተበላሸ ይሄዳል። «ዛሬ መሽቷል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር» ያለ ሰው በማግስቱ ፕሮቲኑ አነሰብኝ ብሎ ባያማርር ይሻላል።

የበፈሩ (ፒኤቹን የሚያረጋው ፈሳሽ) ዱቄት ፓይፕስ አልሟሟ ሲላችሁ ውሃ አትጨምሩበት። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እያደረጋችሁ ፒኤቹን ወደ 6.8 አቅርቡት፤ ያን ጊዜ ይጠራል።

ኢጂቲኤን፣ መገጣጠሙን የሚያግደውን ካልሲየም የሚያስረውን ኬሚካል፣ እንደ ቅመም የሚቆጥሩ አሉ፤ ኖረም አልኖረም ለውጥ የሌለው ይመስላቸዋል። ሪቻርድ ዋይዘንበርግ በ1972 እ.ኤ.አ. የአይጥ አንጎል ቱቡሊን ከሕዋስ ውጭ እንዲገጣጠም ያደረገው ካልሲየሙን በኢጂቲኤ አስሮ ነው። በፈሩን በቧንቧ ውሃ ያዘጋጀ ተማሪ ያንኑ ካልሲየም በገዛ እጁ ይመልሰዋል።

ናሙናውን አሽከርክሮ የሚያዘቅጠው ማሽን፣ ሴንትሪፊውጁ፣ 37 ዲግሪ ላይ ስለተደረገ ቱቦዎቹን የሚይዘው ሮተርም ሞቋል ማለት አይደለም። ያን የሚያህል ብረት ለመሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ሮተር ውስጥ የገባ ማይክሮቱቡል ገና እየተሽከረከረ ይፈርሳል። ከሞቀው ዙር በኋላ የሚፈለገው ማይክሮቱቡሉ ያለበት ዝቃጭ፣ ከቀዝቃዛው ዙር በኋላ ደግሞ የፈረሰው ቱቡሊን ያለበት ላይ የቀረው ፈሳሽ ነው። በቀዝቃዛው ዙር ፈሳሹን ደፍቶ ዝቃጩን በክብር ያስቀመጠ ልጅ አውቃለሁ፤ የሁለት ከብት አንጎል ልፋት በመታጠቢያው ቧንቧ ወረደ። ዙሩ እስኪያበቃ ምንም አትድፉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አንዲት ተማሪ ባለፈው ክረምት ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንዳሰናከለ የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ያወጣላትን ግራፍ እየሮጠች አመጣችልኝ። በ350 ናኖሜትር ንባቡ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ አንስቶ ሽቅብ ወጥቷል። ቅር ያለኝም ይኸው ነው፤ ንጹሕ ቱቡሊን መጀመሪያ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ይወጣል፣ በመጨረሻ ይረጋል። ናሙናው ያለበትን ትንሽ ብልቃጥ፣ ኩቬቱን፣ አውጥቼ ውጩን በለስላሳ ወረቀት ጠረግሁና መለስሁት፤ ንባቡ ዜሮ አጠገብ ወረደ። ለካ የኩቬቱን ማሞቂያ አላበራችውም። ከበረዶ የወጣው ኩቬት የጅማን የክረምት እርጥበት በላዩ ሰብስቦ፣ ማሽኑ የለካላት ጉሙን ኖሯል! እባካችሁ ማሽኑ ብርሃን መሰናከሉን እንጂ ምን እንዳሰናከለው አይነግራችሁም። ጉም ያሰናክላል፣ ሲሞቅ የሚወጣ የአየር አረፋ ያሰናክላል፣ ተበላሽቶ የተጓጎለ ፕሮቲንም ያሰናክላል። ሦስቱም ያምራል የተባለ ግራፍ ሲያወጡ አይቻለሁ።

ማረጋገጫው ቀላል ሆኖ ሳለ ማንም አያደርገውም። ንባቡ ከረጋ በኋላ ኩቬቱን በረዶ ላይ አቆዩት፣ ጥረጉት፣ እንደገና ለኩ። ማይክሮቱቡል ከሆነ ንባቡ ይወርዳል፤ መልሳችሁ ስታሞቁት ደግሞ ይወጣል። የተጓጎለ ፕሮቲን ግን ቢቀዘቅዝም ከነብጥብጡ ይቀራል። ይህን ያላሳየኝን ግራፍ አላይም፤ ተማሪዎቹም ስለሚያውቁ አሁን አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣሉ። ታክሶል፣ ማይክሮቱቡልን የሚያጸናውን መድኃኒት፣ የጨመረበት ግን በዚህ አይፈተንም፤ ታክሶል የያዘው ማይክሮቱቡል በበረዶ አይፈርስም።

ምንም ሳይወጣ ሲቀርስ? አስቀድማችሁ መጠኑን ተመልከቱ። ታውና መሰል አጋዥ ፕሮቲኖች የተለዩበት ንጹሕ ቱቡሊን፣ መገጣጠሙን የሚያግዘው ግሊሰሮል በሌለበት፣ በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊግራም ብቻ ከሆነ እስከ ማታ ብትጠብቁትም ንቅንቅ አይልም። መጠኑ በቂ ከሆነ ለመገጣጠሙ የሚያስፈልገውን ጂቲፒ መጨመራችሁን አስታውሱ። እሱም ካለ፣ ቱቦውን ማን አረፋ እስኪደፍቅ እንደናጠው ጠይቁ።