የሃሜት መስመር አልቀና ሲል፦ በኤስተር ሃይድሮሊሲስ ልኬት የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ኤቲል ቤንዞኤት የተባለውን ኤስተርና በቤንዚን ቀለበቱ ላይ ተተኪ ቡድን (በሃይድሮጅን ቦታ የገባ ቡድን) የያዙ ዘመዶቹን በቤዝ የሚሰብር (ሃይድሮላይዝ የሚያደርግ) ሰው ምን መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። ኤሌክትሮን ሳቢ ቡድን የካርቦኒሉን ካርቦን (ከኦክስጅን ጋር በድርብ ትስስር የተያያዘውን) ለሃይድሮክሳይድ ስለሚያጋልጠው አጸግብሮቱ ይፈጥናል፤ ኤሌክትሮን ለጋሽ ያዘገየዋል። ሲግማ እያንዳንዱ ተተኪ ኤሌክትሮን የመሳብ ወይም የመለገስ አቅሙን የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ ተተኪ ከሌለው ኤስተር አንጻር የተሰላው ፍጥነት ሎጋሪዝም በሲግማ ላይ ሲሳል የሚወጣው ቀጥታ መስመር የሃሜት መስመር፣ ተዳፋቱም ሮ ይባላል። በኤታኖልና ውሃ ድብልቅ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሮ ወደ 2.5 ስለሚጠጋ፣ ሲግማው 0.78 የሆነው ፓራ (በቀለበቱ ላይ ከካርቦኒሉ ትይዩ የተቀመጠ) ናይትሮ ተተኪ ከሌለው ኤስተር 90 እጥፍ ያህል ሲፈጥን፣ ሲግማው -0.27 የሆነው ፓራ ሜቶክሲ አምስት እጥፍ ያህል ይዘገያል።

ምልክት፦ በአንድ ቀን የተለኩት ነጥቦች እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ቆይተው የተለኩት ግን ሁሉም ከመስመሩ በታች ይወድቃሉ።

ምክንያት፦ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ጥፋቱ የኤስተሩ ሳይሆን የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ጠርሙስ ነው። ብጥብጡ ከአየር የሚወስደው እያንዳንዱ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ሁለት ሃይድሮክሳይድ በልቶ ካርቦኔት ይሆናል፤ የሚለካው ፍጥነት ደግሞ ከሃይድሮክሳይዱ መጠን ጋር አብሮ ይወርዳል። አንድ ተማሪ ፈጣኖቹን ኤስተሮች ሰኞ፣ ሜቲልና ሜቶክሲ የያዙትን ዓርብ ለክቶ፣ ሮ ከሚጠበቀው በላይ ስለወጣለት አዲስ ነገር ያገኘ መስሎት ማብራሪያ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ተተኪ የሌለውን ኤስተር ከዚያው ጠርሙስ ዓርብ ማታ እንዲደግም ባደረግሁት ጊዜ ፍጥነቱ ከሰኞው በአንድ አምስተኛ ቀንሶ ተገኘ። «ታይትሬት አድርጌዋለሁ፤ ቁጥሩ አልተለወጠም» ብሎ ተከራከረኝ፤ እውነቱን ነው፣ ግን ታይትሬት ሲያደርግ፣ ማለትም የቤዙን መጠን በአሲድ ሲለካ፣ ማብቂያውን በቀለም ለውጥ ለማየት የተጠቀመው በሜቲል ኦሬንጅ ነበር። ሜቲል ኦሬንጅ ካርቦኔቱንም ሙሉ በሙሉ ስለሚቆጥር፣ የጠፋው ሃይድሮክሳይድ እንዳለ ሆኖ ይታያል።

መፍትሔ፦ መጀመሪያ ባሪየም ክሎራይድ አትርፎ በመጨመር ካርቦኔቱን ማዝቀጥ፣ ከዚያ በፊኖልፍታሊን ታይትሬት ማድረግ ነው። አዲስ ብጥብጥ ሲዘጋጅ ከ50 በመቶው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይነሱ፤ በእርሱ ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔት ስለማይሟሟ ከታች ይረጋል፣ ከላይ ያለው ጥርት ያለው ክፍል ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይቀጠናል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ ክዳኑን ክፍት ትቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ የሳምንት ልኬት መጣል ነው። ተተኪ የሌለውን ኤስተር በየቀኑ መጀመሪያም መጨረሻም ይለኩ፣ ሃይድሮክሳይዱም ከኤስተሩ ቢያንስ በ10 እጥፍ ይብለጥ።

ሌሎቹ ችግሮች አጫጭር ናቸው። ብጥብጡ ደፍርሶ ከታየ የተለካው የኤስተሩ መሟሟት እንጂ መሰበሩ አይደለም፤ ኤታኖሉን መጨመር ይቻላል፣ ነገር ግን ለሁሉም ኤስተሮች እኩል ይሁን፤ ለአንዱ ብቻ አሟሚ የሚቀይር ሰው ግራፍ ባይስል ይሻላል። ሜቲል ኤስተርን ቤዝ ባለበት ኤታኖል ውስጥ አይለኩ፤ እየተሰበረ ሳለ ጎን ለጎን ወደ ኤቲል ኤስተር ይለወጣል። ፓራ ሃይድሮክሲ ያለው ኤስተር እጅግ ቢዘገይ አያስደንቅም፤ ቡድኑ በቤዙ ፕሮቶኑን ተነጥቆ አሉታዊ ሙላት ስለሚሸከም የተለመደው ሲግማ አይሠራለትም። ኦርቶ ተተኪዎች አጠገባቸው ያለውን ካርቦኒል ስለሚጋርዱ ከመስመሩ ያውጧቸው።

በአሲድ ውስጥ ተተኪዎቹ እምብዛም ልዩነት ካላመጡ ደግሞ መሣሪያዎን አይፍቱ። ለጋሽ ቡድን ፕሮቶን መቀበሉን ሲያቀል የውሃውን ጥቃት ያከብዳል፣ ሳቢው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ሮ ወደ ዜሮ ይጠጋል።