ኒውትራል ሽቦ ለምን ይግላል? እንዴትስ ይመረመራል?

ኮምፒዩተርና ኤልኢዲ መብራት በበዛበት ሕንፃ ብሬከሩ ሳይወድቅ የተቃጠለ የኬብል ሽፋን ከሸተተ፣ መጀመሪያ ኒውትራሉን፣ ማለትም ከረንቱ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ይጠርጥሩ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ፌዞቹን፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡትን ሦስት ሽቦዎች ነው፤ ኒውትራሉ ብዙ ጊዜ ጠባቂ የለውም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የቮልቴጁን ሞገድ ተከትሎ ከረንት ይስባል። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ግን፣ በተለይ ርካሹ፣ ቮልቴጁ ጫፍ ሲደርስ ብቻ ቆንጠር እያደረገ ይወስዳል። በዚህ የተቆራረጠ ከረንት ውስጥ ከ50 ኸርዙ ሌላ 150፣ 250፣ 350 ኸርዝ እያለ የሚሄድ ከረንት አለ፤ ሃርሞኒክ የሚባለው ይህ ነው። የፌዞቹ ጭነት እኩል ከሆነ የ50 ኸርዙ ከረንት ኒውትራል ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የ150ው ግን በሦስቱም ፌዝ እኩል ስለሚነሳና ስለሚወርድ ይደመራል። በየፌዙ 24 አምፔር የ150 ኸርዝ ከረንት ቢኖር ኒውትራሉ 72 ይሸከማል! ስለዚህ «ጭነቱን እኩል አካፍሉት» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ብቻውን አያድንም።

ለመለካት ትሩ አርኤምኤስ የሆነ፣ ማለትም የተቆራረጠ ከረንትንም በትክክል የሚያነብ፣ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ የሚለካ) ያስፈልጋል። በዚህ አልደራደርም፦ ተራው ሜትር እንዲህ ያለውን ከረንት በጣም አሳንሶ ስለሚያሳይ በሐሰት ያረጋጋል። የሥራ ሰዓት ይምረጡ፤ ማከፋፈያ ሰሌዳውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይክፈተው። ሦስቱን ፌዞች ተራ በተራ፣ ቀጥሎ ኒውትራሉን ለክታችሁ ጻፉ። ኒውትራሉ ፌዞቹን ከተስተካከለ ወይም ከበለጠ፣ ክላምፑን እዚያው ትታችሁ ሜትሩን ወደ ኸርዝ አዙሩት። 150 ካለ ጥፋቱ የሃርሞኒክ ነው። 50 ካለ በአብዛኛው ጭነቱ ስላልተመጣጠነ ነው፤ አንዳንዱን መስመር ወደ ሌላ ፌዝ ማዛወር ይበቃል።

ሃርሞኒክ ከሆነ ኃይሉን ከዋናው አጥፍታችሁ የኒውትራል ብሎኖችን አጥብቁ። ኃይል እያለ ኒውትራል ፈጽሞ አይፈታ፤ ከተቋረጠ ለ220 ቮልት የተሠራ ዕቃ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊደርሰውና ሊቃጠል ይችላል። ቀጥሎ ሦስት የሶኬት መስመሮች አንድ ኒውትራል ተጋርተው ከሆነ ለእያንዳንዱ የራሱን ዘርጉለት። ዋናው ኬብልም ይታይ፦ በአይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ደንብ ሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የ150 ኸርዙ፣ ከፌዙ ከረንት 33 በመቶ ካለፈ ኬብሉ የሚመረጠው በፌዙ ሳይሆን በኒውትራሉ ከረንት ነው።

ሕንፃው ፓወር ፋክተር (ከሚሳበው ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ማስተካከያ ካፓሲተር ካለው ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ካፓሲተሩ ከትራንስፎርመሩ ጋር ሬዞናንስ (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተደጋግፎ መወዛወዝ) ፈጥሮ ሃርሞኒኩን ሊያጎላው ይችላል። ሌላ ካፓሲተር ከመጨመራችሁ በፊት ሃርሞኒኮቹን ለይቶ በሚለካው ፓወር ኳሊቲ አናላይዘር አስለኩ፤ ሃርሞኒኩ ከፍ ያለ ከሆነ ሪአክተር (ሬዞናንሱን የሚከላከል የሽቦ ጥቅል) አብሮት የተገጠመለትን ዓይነት ግዙ።