የአላስካ ነባር ሕዝቦችን መሬት ባለመብት እንዴት መለየት እንደሚቻል

ለጥናትም ሆነ ለሥራ ውል የአላስካን መሬት ጉዳይ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊያነበው የሚገባው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1971 የጸደቀውን፣ የነባር ሕዝቦቹን የመሬት ይገባኛል ጥያቄ ለመፍታት የወጣውን የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ነባር ሕዝቦቹ በአባቶቻቸው መሬት ላይ የነበራቸው መብት ቀሪ ሆኖ፣ በምትኩ 44 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬትና 962.5 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦላቸዋል። መሬቱን የተረከቡት ግን ጎሳዎቹ ሳይሆኑ በሕጉ መሠረት የተቋቋሙ፣ ነባር ሕዝቦቹ ባለአክሲዮን የሆኑባቸው የክልልና የመንደር ኮርፖሬሽኖች ስለሆኑ፣ ምርመራውን ከጎሳ ስም መጀመር አያዋጣም።

በመጀመሪያ ቦታው በሕጉ መሠረት አላስካ ከተከፈለችባቸው 12 ክልሎች በየትኛው እንደሚገኝና የትኛው መንደር እንደሚቀርበው ይለዩ።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ስለሆነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በአብዛኛው የመንደር ይዞታ የላዩ መሬት የመንደሩ ኮርፖሬሽን፣ ከርሰ ምድሩ ደግሞ የክልሉ ኮርፖሬሽን ነው። አንድ መንደር መንገዱን ጠጠር ለማልበስ ቢፈልግ፣ ጠጠሩ በመንደሩ ኮርፖሬሽን መሬት ላይ በዓይን የሚታይ ቢሆን እንኳ የክልሉ ኮርፖሬሽን ሀብት ነው፤ አሸዋና ጠጠር ከከርሰ ምድር ሀብት እንደሚቆጠሩ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ወስኗል። በአንጻሩ የክልሉ ኮርፖሬሽን በመንደሩ ወሰን ውስጥ ማዕድን ለመፈለግም ሆነ ለማውጣት የመንደሩን ኮርፖሬሽን ፈቃድ ማግኘት አለበት። እንደ ቬኒታይና አርክቲክ ቪሌጅ ያሉ መንደሮች ደግሞ የገንዘቡን ድርሻ ትተው ላዩንም ታቹንም ወስደዋል። ስለዚህ የላዩ መሬት የማን ነው፣ ከርሰ ምድሩስ የማን ነው የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ለየብቻ ይጠይቁ፤ ይዞታን በቀለም የሚለይ ካርታ ይህን ልዩነት ስለማያሳይ፣ በእኔ እምነት ከመነሻነት ያለፈ ዋጋ የለውም።

መልሱን የሚያረጋግጠው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የሰጠው የማስተላለፊያ ሰነድ ነው። መሬቱ ገና ያልተቀየሰ ከሆነ የሚሰጠው ሰነድ ጊዜያዊ ቢባልም ባለቤትነትን ያስተላልፋል፤ በስሙ ብቻ ወደ ጎን ሊባል አይገባም። የመንደር ኮርፖሬሽኖች ቀድሞ መኖሪያ ወይም የዓሣና የአደን ሰፈር ለነበራቸው ሰዎች ቦታውን መልሰው የማስተላለፍ ግዴታ ስላለባቸው፣ ይህም መፈጸሙን ያጣሩ።

ከማዕድንና ከደን ገቢ የሚያያዝ ውል ካለ፣ የክልል ኮርፖሬሽኑ ከዚህ ገቢ 70 በመቶውን ለ12ቱም ክልሎች እንደሚያከፋፍል በሒሳቡ ውስጥ ያስገቡ።

በመጨረሻም በኮርፖሬሽኑ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይመርምሩ። የኮርፖሬሽኑ አክሲዮን አይሸጥም፣ በመያዣነትም አይሰጥም፤ በውርስ ግን ይተላለፋል። ሕጉ ከጸደቀ በኋላ የተወለዱ ልጆች በመጀመሪያው የባለአክሲዮኖች መዝገብ አልገቡም፤ በማግስቱ የተወለደ ሕፃን እንኳ ታላቅ ወንድሙ ያገኘውን 100 አክሲዮን አላገኘም። ከ1988 ማሻሻያ ወዲህ አንዳንድ ኮርፖሬሽኖች በባለአክሲዮኖች ድምፅ በሩን ለልጆቹ ከፍተዋል፣ ሌሎች አልከፈቱም፤ ይህ እኩልነትን የሚነካ ከባድ ጉዳይ ስለሆነ የእያንዳንዱን ኮርፖሬሽን መተዳደሪያ ደንብ በቀጥታ ማንበብ ያስፈልጋል።