ደቡብ ህንድ ከሄዳችሁ ምሳችሁን በሙዝ ቅጠል ላይ ብሉ

ወደ ቼናይ ወይም ማዱራይ የምትሄዱ ካላችሁ፣ የሆቴሉን ምሳ ተዉትና «ሚልስ» (ሙሉ የምሳ ማዕድ ማለት ነው) የሚል የተጻፈበት የሰፈር ምግብ ቤት ፈልጉ። የምሳ ሰዓት ካለፈ ግን ብዙውን ጊዜ አታገኙትም።

ፊታችሁ የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል። ሩዝ፣ ሳምባር የሚባለው አትክልት የገባበት የክክ ወጥ፣ ራሳም የሚባለው ቀጭንና ጎምዛዛ ሾርባ፣ መጨረሻ ላይ እርጎ ይመጣል። አስተናጋጆቹ ባልዲ ይዘው እየዞሩ ይጨምሩላችኋል። በቃኝ ካላላችሁ አያቆሙም! የሚበላው በቀኝ እጅ ስለሆነ እኛ አንቸገርም። ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት።

ለጿሚዎች፦ «ፒዩር ቬጅ» ማለት የጾም ማለት አይደለም። ሥጋና እንቁላል የለውም እንጂ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ሞልቶታል። «ጊ አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጊ ያው ንጥር ቅቤ ነው።

ከምሳ በኋላ መሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው። ፀሐዩ አይቻልም፤ የማዱራዩ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ራሱ እኩለ ቀን ላይ ተዘግቶ አመሻሹ አካባቢ ነው ተመልሶ የሚከፈተው። እስከዚያ ፊልተር ኮፊ እዘዙ። በብረት ኩባያና በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይመጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው እያገላበጣችሁ አብርዱት፤ አረፋም የሚሠራው እንዲህ ነው። ቺኮሪ (ከቡና ጋር የሚቀላቀል የተቆላ የተክል ሥር) እና ብዙ ወተት አለበት፣ ለእኔ ምላስ ስኳሩም ይበዛል። አስቀድማችሁ «ያለ ስኳር» በሉ።