የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሐውልት ለንደን ላይ እንዴት መጎብኘት ይቻላል

በለንደን መሀል፣ ዋተርሉ ፕሌስ ላይ የቆመውን የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሐውልት ለማየት ክፍያም ሆነ ቀጠሮ አያስፈልግም። ሆኖም ግራና ቀኙ መኪና የሚመላለስበት ስፍራ ስለሆነ፣ ረጋ ብሎ ዞሮ ለማየት ማለዳ መሄድ ይመረጣል።

በምድር ውስጥ ባቡር ፒካዲሊ ሰርከስ ጣቢያ ይውረዱና በሪጀንት ጎዳና ቁልቁል ወደ ደቡብ ይጓዙ። ብዙም ሳይርቁ እንግሊዝና አጋሮቿ ከሩሲያ ጋር የተዋጉበትን የክራይሚያ ጦርነት መታሰቢያ ያገኛሉ፤ ከዚህ አቅጣጫ ሲመጡ ቀድሞ የሚታይዎት ጀርባው ነው። እዚያ የተከመሩት መድፎች ከክራይሚያዋ የወደብ ከተማ ከሴቫስቶፖል የተማረኩ ናቸው። ዞረው ወደ ፊት ለፊቱ ሲያልፉ ናይቲንጌልንና እ.ኤ.አ. በ1854 ወደ ጦር ሜዳው የላኳትን ሚኒስትር ሲድኒ ኸርበርትን ጎን ለጎን ቆመው ያገኟቸዋል። መታሰቢያው ወደ ኋላ የተገፋው ለእነዚህ ለሁለቱ ቦታ ለመስጠት ነበር።

አሁን በአርተር ጆርጅ ዎከር ተቀርጾ በ1915 የተመረቀውን የናይቲንጌልን ሐውልት ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ በተለይም እጇን። የያዘችው በጥንት ግሪኮች አምሳል የተሠራ ኩራዝ ነው። ኢስታንቡል በነበረው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌሊት ሌሊት በሕሙማን መካከል ስትዘዋወር ይዛው የነበረው ግን ተጣጥፎ የሚዘረጋ የቱርክ ፋኖስ ነበር። ቀራጺው ለመልኩ ሲል ታሪኩን ችላ ያለው ይመስላል። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን እጇ ላይ ወረቀት አለመኖሩ ነው፤ ምክንያቱም ወታደሮቹን ከቁስል ይልቅ በሽታ በብዛት ይገድላቸው እንደነበር በአኃዝና በሥዕላዊ መግለጫ ያሳየች፣ የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበርም በአባልነት የተቀበላት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከእግሯ ሥር ባለው መቆሚያ ዙሪያ የሕይወቷን ትዕይንቶች የሚያሳዩ የነሐስ ቅርጾች ስላሉ፣ አራቱንም ጎን ሳይዞሩ አይሂዱ።

የልደቷ ቀን ግንቦት 4 የዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ ስለሚከበር፣ በሙያው ያሉ አንባቢዎች ጉዟቸውን ከዚያ ጋር ማገጣጠም ይችላሉ።

ፋኖሱን ማየት ከፈለጉ በዮርክ መስፍን ዓምድ አጠገብ ያለውን ደረጃ ወርደው፣ የሴንት ጄምስ መናፈሻን አቋርጠው፣ የዌስትሚንስተርን ድልድይ ይሻገሩ። በ1860 የነርሶች ትምህርት ቤት ባቋቋመችበት በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ግቢ በስሟ የተሰየመ ሙዚየም አለ፤ መግቢያው በክፍያ ስለሆነ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመው ያጣሩ።