ግድግዳው እንዲሞቅ፣ ግን እንዳይታፈን

ለንደን የምንኖርበት ቤት በ1890ዎቹ የተሠራ ነው። ግድግዳው ድፍን ጡብ ነው። ውፍረቱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በመሃሉ ክፍተት የለውም። የእናንተንም ከውጭ ቆማችሁ እዩት። የጡቡ ረጅም ጎንና አጭር ጫፍ በአንድ ረድፍ ላይ እየተፈራረቁ ከታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው።

ብርዱን ለመከላከል ግድግዳውን ከውስጥ ልናለብስ ፈለግን። መጀመሪያ ላይ አንድ ባለሙያ ፎም የተለጠፈበት ጂብሰም ቦርድ አምጥቶ፣ ከጡቡ ራቅ አድርጎ በቀጫጭን እንጨት ላይ መታልን። ቤቱ ሞቀ፣ ደስ አለን። በሁለተኛው ብርድ ግን ሽታ መጣ። ቦርዱን ስነቅለው ጀርባው በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል። ጡቡን ብነካው እጄ ረጠበ። የቤቱ እንፋሎት በየስንጥቁ ሾልኮ ገብቶ፣ ቀዝቃዛው ጡብ ላይ ውሃ ሆኖ ቀርቷል። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ እንጋግራለን።

ስለዚህ ሥራውን ከውጭ ጀምሩ። እስከ ዛሬ የዝናቡን እርጥበት ሲያደርቅላችሁ የኖረው የቤታችሁ ሙቀት ነው። ግድግዳውን ከውስጥ ስታለብሱት ጡቡ ይቀዘቅዛል፣ የረጠበውም ቶሎ አይደርቅም። የሚያፈስ አሸንዳ ካለ ይጠገን። በጡቦቹ መካከል በሲሚንቶ የተደፈነ ካለ ይውጣና በኖራ ይሞላ፤ ሲሚንቶው ውሃውን ያፍነዋል። ከደጅ ያለው አፈር ከእርጥበት መከላከያው መስመር (ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ለማገድ ከግድግዳው ሥር ከተዘረጋው ንጣፍ) ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ ግድግዳው ይድረቅ። እኔ አንድ ሙሉ በጋ ጠብቄአለሁ፤ አልቆጨኝም።

ከመጀመራችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ካውንስል ጠይቁ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ፈቃድ የግድ ነው።

ወደ ውስጥ ስትገቡ የግድግዳ ወረቀቱን፣ የፕላስቲክ ቀለሙንና የጂብሰም ልስኑን አንሱ። ጡቡን በኖራ ልስን አስተካክሉት። ይህ ልስን ወለሉ ሥርም፣ ኮርኒሱ አጠገብም ሳይቋረጥ ይሂድ፤ አየር የሚሾልከው እዚያ ነው። ሲደርቅ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ፋይበር ቦርድ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ በኖራ ማጣበቂያ ቀብታችሁ ለጥፉ። ዳር ዳሩን ብቻ አትቀቡ። ቦርዱን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ አንሱትና እንደገና ለጥፉት። ከዚያ ሰፊ ቆብ ባለው ብሎን እሰሩት። 10 ሴንቲ ሜትር ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልመክርም፤ በወፈረ ቁጥር ጡቡ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

የመስኮቱን ጎንና ጎን እንዳትረሱ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እዚያ ባዶ ከተተወ ሻጋታው በዚያ ይወጣል። በጣም የምትጨነቁበት ግን ወለሉን የተሸከመው እንጨት ይሁን። ጫፉ ጡቡ ውስጥ የተቀበረ ነው፣ ከበሰበሰ ወለሉ ይወርዳል። የወለሉን ጣውላ አንስታችሁ የተሸካሚውን እንጨት ጫፍ በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከለሰለሰ ሥራው ይቁምና መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

ሶኬቶቹን ኤሌክትሪሻን ወደ ፊት ያውጣቸው። ራዲያተሩ የሚሰቀልበትን ቦታ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ ብሎኑ ቦርዱን አልፎ ጡቡን መያዝ አለበት።

የመጨረሻው ልስንም ኖራ ነው። ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን ያህል ስጡት፤ በሂተር አታጣድፉት። ቀለሙም እንፋሎት የሚያሳልፍ ይሁን። እኛ ኩሽናው ውስጥ አየር ማስወጫ ፋን አስገብተናል። ምጣዱ ከመጣዱ በፊት ይከፈታል፣ የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይሠራል።